ፀሐይ እያለ የበረደው የቦሌ እንግዳ

ቦሌ እንግዳ አጥታ አታውቅም። ከዋሽንግተን የሚመጣ አለ። ከዱባይ ሻንጣውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ የሚመጣ አለ። ለሠርግ የሚመጣ አለ፤ ከስደት ተባሮ ባዶ እጁን የሚመጣም አለ። የዛሬው እንግዳችን ግን አውሮፕላን አልተሳፈረም። ቦሌ የገባው በጅቡቲ መስመር በሚመላለስ ተሳቢ መኪና፣ ከረዳቱ ወንበር ሥር፣ በብስኩት ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ነው። ዘመድ አልጠራውም፤ አበባ ይዞ የጠበቀውም የለም። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ያንሳል። አንገቱ አጭር፣ ሆዱ ሰፊ፣ ጅራቱ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የእሾህ ቀለበት የተደረደረበት ነው።

እንሽላሊት ነው!

ፊታችሁን ያጨማደዳችሁ እንዳላችሁ ይታወቀኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አልፈርድባችሁም። ግን እስቲ ትንሽ ታገሱኝ። ይህን እንግዳ ቤት ለማስገባት ስል ሰፈሬ የምለውን የከተማችንን ምሥራቅ ከገርጂ እስከ ቦሌ ሚካኤል፣ ከመገናኛ እስከ ጉርድ ሾላ እንደ አዲስ ዞሬበታለሁ። ያየሁትን ላውጋችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ አንዲት የማላውቃት ልጅ ስልክ ደወለችልኝ።

"እርስዎ ነዎት ጋዜጣ ላይ ምክር የሚጽፉት?"

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ "እርስዎ" መባሌ ደስ ብሎኝ "አዎ" አልኩ።

"ወንድሜን ይምከሩልኝ። ሊያብድብን ነው።"

"ምን ሆነ? ሱስ ነው? ወይስ ፍቅር?"

"እንሽላሊት ነው" አለችኝ።

ስልኩን ልዘጋው ነበር። ያልዘጋሁት በአንድ ምክንያት ነው። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ

በማግስቱ ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ገርጂ ሄድኩ። የኮንዶሚኒየም ሰፈር ታውቁታላችሁ። በየበረንዳው ልብስ ተሰጥቷል፤ የዲሽ ሳህኖች ሁሉ አንድ አቅጣጫ እያዩ ተደርድረዋል፤ ደረጃው ላይ የአንዱ ቤት ቡና ከሌላው ቤት ሽሮ ጋር ተቀላቅሎ ይሸታል። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ በሩን የከፈቱልኝ እናትየው ናቸው።

ልጁ 19 ዓመቱ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነለትም። ከዚያ ወዲህ ከክፍሉ መውጣት ትቶ ነበር። ቀን ይተኛል፤ ሌሊት ስልኩ ላይ ያፈጣል፤ ጓደኞቹ ሲጠሩት "የለሁም በሉልኝ" ይላል። ስምንት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ተሳቢ የሚነዳው አጎቱ ከድሬዳዋ ወዲያ፣ ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ድንጋይ ሥር ያገኘውን ይህን ፍጥረት "ላስደስተው" ብሎ ይዞለት መጣ። ልጁም በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከአልጋው ተነሣ። እንስሳው ምን እንደሚበላ ሊፈልግ ነው የተነሣው።

"ልጄን አስነሣልኝ ብዬ ተስዬ ነበር" አሉኝ እናትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "በእንሽላሊት ያስነሣዋል ብዬ ግን አላሰብኩም። አሁን ደግሞ እሱ ራሱ ሊሞት ነው መሰለኝ። ከሞተ ልጄ ተመልሶ ይተኛል።"

ያን ጊዜ ነው የነገሩ ክብደት የገባኝ።

ካርቶኑ ውስጥ አየሁ። እንሽላሊቱ በብርድ ልብስ ቁራጭ ተጠቅልሎ ዓይኑን ጨፍኗል። አመድ መስሏል። ከጎኑ የደረቀ እንጀራ፣ በክዳን የተቀዳ ወተትና የሞተ በረሮ አለ። ልጁ ያለውን ሁሉ አቅርቦለታል። እሱ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንዱንም አልነካም።

ለምን መጣሁ ብዬ ስቆጭ ቡና ልትጠጣ የገባች ጎረቤት ካርቶኑን አየችና ጮኸች። "ውይ! ዷብ አይደለም እንዴ!" ሪያድ ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ዓረቦቹ በረሃ ወጥተው እያደኑ ይበሉታል አለች። የልጁ ፊት ሲለዋወጥ አየችና "የእነሱ ግን ከዚህ በጣም ይተልቃል" ብላ ልታለሳልስለት ሞከረች። ቀጥላ ያለችው ነገር ግን ወርቅ ነበር፦

"ይሄ እኮ ቅጠል በል ነው። ወተት ማን ስጡት አላችሁ?"

እውነቷን ነው። ይህ ዩሮማስቲክስ የሚባለው ወገን ከሰሜን አፍሪካ እስከ ዓረብ አገርና ኢራን ድረስ በደረቅ ምድር ይኖራል። በእኛም የምሥራቅ ቆላ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ አለ። ሲያድግ ዋና ምግቡ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ነው። በደንብ ከተያዘ ከ15 ዓመት በላይ ይኖራል። ልብ በሉ! ዛሬ በ19 ዓመታችሁ ብትይዙት፣ አግብታችሁ ልጅ ወልዳችሁም እሱ አለ ማለት ነው።

ፀሐይ አለ፣ ሙቀት የለም

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ካርቶኑን መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ ያደርገዋል። "በረሃ ውስጥ የኖረው ፀሐይ ላይ ነው፤ ገርጂም ፀሐይ አለ። ታዲያ ምን ጎደለው?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

የጎደለው ሙቀት ነው። እኛ ከበላነው ምግብ የገላችንን ሙቀት እናመነጫለን። እንሽላሊት እንደዚያ አይደለም፤ ገላው የሚሞቀው ከውጭ ነው። ካልሞቀ አይሮጥም፤ ካልሞቀ አይበላም፤ ቢበላም ሆዱ አይፈጭለትም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቦሌ ላይ ውርጩ ሲመታ ቴርሞሜትሩ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ፀሐያችን ቆዳ ታቃጥላለች፤ ጥላው ግን ሹራብ ያስለብሳል። አዲስ አበባ ማለት ይኸው ናት፤ ፀሐይ አለ፣ ሙቀት የለም።

ሁለተኛው ጥፋት መስታወቱ ነው። እንሽላሊቱ አጥንቱን ለማጠንከር ካልሲየም ይፈልጋል። ካልሲየሙን ሰውነቱ እንዲጠቀምበት ደግሞ ከፀሐይ የሚመጣ አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረር ያስፈልገዋል። የመስኮት መስታወት ብርሃኑን ያሳልፍና ያንን ጨረር ያስቀረዋል። ጨረሩን ያጣ እንሽላሊት አጥንቱ ይለሰልሳል፤ መንጋጋው ይጣመማል።

ይህን ስናገር እናትየው ጣልቃ ገቡ። "እንደ አራስ ልጅ ማለት ነው? ሕፃን ፀሐይ እንደምናሞቀው?"

"ልክ እንደዚያ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው።

"እንዲህ በሉኝ እንጂ!" ብለው ተነሡና በረንዳውን መጥረግ ጀመሩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እናትየው ከእኛ ወገን ሆኑ።

አሁን ስልኩን ያልዘጋሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ከአዋሽ ኤሊ አምጥቶልኝ ነበር። ቡልቡላ ግቢያችን ውስጥ በሳፋ አኖርኳት። ክረምት ገባ። እኔም "ውኃ ትወዳለች" ብዬ በየቀኑ በቀዝቃዛ ውኃ አጥባት ነበር። አፍንጫዋ አረፋ ያወጣል፤ እኔ ሳሙና መስሎኝ እስቅ ነበር። ነሐሴ ላይ አንገቷን ከድንጋይዋ ሳታወጣ ቀረች። ሰው ሲጠይቀኝ "ሞተችብኝ" እል ነበር። ትክክለኛው ቃል ግን "ገደልኳት" ነው። በፍቅር ገደልኳት። ለዚህ ነው ገርጂ ድረስ የሄድኩት።

የቦሌ ሚካኤሉ ሽማግሌ

ሕመምተኛን ከማከም በፊት አገሩን መጠየቅ ይሻላል ተባባልን። ልጁን ይዤ ወደ ቦሌ ሚካኤል ሄድኩ። ከቤት ከወጣ ስምንት ወሩ ነበርና ታክሲው ውስጥ መስኮት መስኮቱን ሲያይ እንደ ክፍለ ሀገር ሰው ሆኖብኝ ነበር።

ቦሌ ሚካኤል ሶማሊኛ የሚሰማበት ሰፈር ነው። ሱቆቹ ደጃፍ ሽታው ይለያል፤ ሄል ያለበት ሻይ፣ ዕጣን፣ የግመል ወተት። ከአንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በልጅነታቸው ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ባለው ሜዳ ፍየል ይጠብቁ እንደነበር ባለ ሻይ ቤቱ ነገረን። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳያቸው። ሳቁ።

"ይሄ የድንጋይ ልጅ ነው" አሉ። "ጠዋት ከጉድጓዱ ሲወጣ ጥቁር ነው። ፀሐይ ላይ ይጋደማል። ሲሞቅ ቀለሙ ይከፈታል። ከሞቀ በኋላ ነው የሚበላው፤ የግራር ቅጠል ይወዳል። ውኃ አይለምንም። ጭልፊት ሲያይ ጉድጓዱ ይገባና በጅራቱ በሩን ይዘጋል። በዚያ እሾህ ማን ይገባል?"

"ስንት ሰዓት ነው ፀሐይ የሚሞቀው፣ አባባ?" አለ ልጁ። ማስታወሻ ደብተር ይዞ መምጣቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሽማግሌው የጠየቃቸውን ሁሉ መለሱለት። ጉድጓዱ እንዴት እንደሚጠብ፣ ሌሊቱ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ የትኛውን አበባ እንደሚመርጥ ነገሩት። ልንሰናበት ስንነሣ ግን በአማርኛ አንድ ነገር ጠየቁት።

"አንተ ልጅ፣ ማን ጠራው?"

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም።

ቤት ሥራ

ቢሆንም የተኛውን በሽተኛ መጀመሪያ ማንቃት ያስፈልጋል። ሦስት ቀን ዞርን። እንሽላሊት፣ ኤሊም ሆነ ሌላ የቆላ ፍጥረት እጁ የገባ ሰው ቢያንስ ይህን ይወቅ ብዬ ዝርዝሩን እነሆ።

ሣጥኑ። ጃክሮስ አካባቢ ከአንድ አናጢ ዘንድ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድ፣ 60 ከፍታ ያለው የችፑድ ሣጥን አሠራን። ፊቱ ተንሸራታች መስታወት ነው፤ ከላይና ከጎን አየር ማስገቢያ አለው። ለምን ረዘመ ብትሉ፣ አንዱ ጫፍ ሲሞቅ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። እንስሳው እየተመላለሰ ሙቀቱን ራሱ ይመርጣል። ጠባብ ሣጥን ሙሉውን ከሞቀ ምጣድ ነው የሚሆነው።

ማሞቂያው። መገናኛ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎች ዘንድ ስንጠይቅ ሁሉም የሚያወጡልን ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ነው። ኤል.ኢ.ዲ. መብራት ይቆጥባል፤ ሙቀት ግን አይሰጥም። መላው የተገኘው ከዶሮ እርባታ ዕቃ ሻጭ ነው። ለጫጩት ማሞቂያ የሚሸጠውን ቀይ አምፖል ታውቁታላችሁ? እሱ ራሱ ነው። 250 ዋቱ ለእንዲህ ያለ ሣጥን ይበዛል፤ አነስ ያለውን ወሰድን። በሽቦ ወንፊት መሸፈን አለበት፤ አለበለዚያ እንስሳው ተጠግቶ ይቃጠላል። መያዣው ደግሞ ሸክላ ይሁን። እኛ በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሱቅ የገዛነው የፕላስቲክ ሶኬት በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀለጠና የደረጃው ሰው ሁሉ "እሳት!" ብሎ ወጣ። ከሁለት ሰዓት በላይ ብንተወው ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሌላ ነገር ነበር።

ቴርሞሜትሩ። የትኩሳት መለኪያ አይሆንም፤ 42 ላይ ያበቃል። ጉርድ ሾላ አንድ የፍሪጅ ጠጋኝ ዘንድ ሽቦ ያለው ዲጂታል መለኪያ አገኘን። ከአምፖሉ ሥር ያለው ድንጋይ ፊቱ 50 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። አዎ፣ 50! እጃችሁን ብታሳርፉበት ትሸሻላችሁ፤ እሱ ግን ሆዱን ለጥፎ ይተኛበታል። በቀዝቃዛው ጫፍ 28 አካባቢ ይበቃል። ሌሊት አምፖሉ ይጠፋል፤ ከ18 እንዳይወርድ ብቻ ሣጥኑን በብርድ ልብስ መሸፈን ነው። ቀኑ 12 ሰዓት ብርሃን፣ ሌሊቱ 12 ሰዓት ጨለማ። እኛ አገር ፀሐይ ራሷ እንደዚያው ስለሆነች አይከብድም።

መኝታው። ታጥቦ የደረቀ አሸዋ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ተጠቀጠቀ። ከላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ፤ ድንጋዩ ግን መሠረቱ ላይ ይቀመጥ፤ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ እንስሳው ሲቆፍር ይጫነዋል። በሁለቱም ጫፍ መደበቂያ ያስፈልጋል። እናትየው የተሰበረ የሸክላ ጀበና ሰጡን። ሽማግሌው እንዳሉት ጠበብ ያለ፣ ጀርባው ጣራውን የሚነካ ጉድጓድ ነው የሚወደው። ሰፊ ዋሻ ውስጥ ፍርሃቱ አይለቀውም።

ጨረሩ። ለተሳቢ እንስሳት የሚሠራ የአልትራቫዮሌት መብራት ሱቅ ለሱቅ ዞረን አላገኘንም። የእህትየው ጓደኛ የበረራ አስተናጋጅ ናትና ከውጭ ልታመጣልን ቃል ገባች። መብራቱ ቢገኝም እያበራ ጨረሩ ስለሚደክም ቢያንስ በዓመት አንዴ መቀየር አለበት። እስከዚያው በረንዳው ላይ በሽቦ የተሠራ የፀሐይ ቤት አኖርንለት። ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት፣ ግማሹ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ። ክዳኑ አይረሳ! የቦሌ ጭልፊት ከልጅ እጅ ሥጋ የሚነጥቅ ነው።

ምግብና ውኃ

ወተትና እንጀራው ተነሣ። በምትኩ በቀጭኑ የተከተፈ የአበሻ ጎመን፣ የካሮት ቅጠል፣ ትንሽ ዱባ፣ የሽፈራው ቅጠል ሲገኝ ሽፈራው። ቆስጣ አልፎ አልፎ እንጂ ዕለት በዕለት አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ነገር ካልሲየሙን ያስረዋል። ሰላጣ ውኃ ብቻ ነው። አቮካዶ ፈጽሞ አይሰጥም። ጥሬ የምስር ክክ በትንሽ ሰሐን ቢቀመጥለት እየለቀመ ይቆረጥመዋል። ውኃውን በአብዛኛው ከቅጠሉ ነው የሚያገኘው። ሣጥኑ ውስጥ ትልቅ የውኃ ሳህን አስቀምጦ እርጥበት መፍጠር ደረቅ አገር ለለመደ ሳንባ ጠላት ነው። አፍንጫው ላይ ነጭ ነገር ብታዩ አትደንግጡ፤ ትርፍ ጨው የሚያወጣው በአፍንጫው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችሁ። እንሽላሊትም ኤሊም ሳልሞኔላ የሚባል የሆድ ባክቴሪያ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ዕቃው በማድ ቤት መታጠቢያ አይታጠብ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባለበት ቤት ባይገባ ይመረጣል።

መብራት የጠፋ ሌሊት

ሣጥኑ በተሠራ በሁለተኛው ቀን አመዱ ፈዘዘና ከሥሩ ቢጫ ነገር ብቅ አለ። በሦስተኛው ቀን ጎኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ታዩ። በአራተኛው ቀን ልጁ ደወለልኝ። ሄሎም አላለኝም።

"በላ!" አለኝ። "የጎመን አበባ በላ!"

ከበስተጀርባ እናትየው እልል ሲሉ ይሰማኛል። ለእንሽላሊት እልል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰማሁ።

ደስታው ግን አልቆየም። በሳምንቱ መብራት ጠፋ። አንድ ምሽት፣ ከዚያ ቀን፣ ከዚያ ሁለተኛ ምሽት። ሰማዩም ዳመነ። ልጁ ውኃ በከሰል እያሞቀ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በፎጣ እየጠቀለለ ከሣጥኑ ውስጥ ሲያስገባ፣ ሲቀዘቅዝ ሲያወጣ፣ እንደገና ሲያሞቅ ሁለት ሌሊት አደረ። በሁለተኛው ሌሊት እኔም አብሬው ነበርኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሻማው ሊያልቅ ሲል እንዲህ አለኝ።

"ሽማግሌው የጠየቁኝን ሳስበው ነበር። እኔ የሠራሁለት ቤት ጥሩ ነው አይደል?"

"ጥሩ ነው። እውነቴን ነው።"

"ግን ድሬዳዋ ወዲያ ይህን ሁሉ በነፃ ያገኝ ነበር። ድንጋዩን፣ ሙቀቱን፣ ግራሩን። እኔ እዚህ አምፖል ስገዛ፣ ድንጋይ ስሸከም፣ የሠራሁት የራሱን አገር ነው። እሱም መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ አገር።"

መካሪው እኔ ነበርኩ። የተመከርኩት ግን እኔ ሆንኩ።

ማን ጠራው?

ሕጉንም ልንገራችሁ፤ እኔም በኋላ ነው ያነበብኩት። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትን ይከለክላል። "አጎቴ አመጣልኝ" ፈቃድ አይደለም። ይህ የእንሽላሊት ወገን ድንበር ተሻጋሪ ንግዱ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ያለ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ስለዚህ በሻንጣ ከቶ በቦሌ ይዞ ለመውጣት የሚያስብ ካለ ከአሁኑ ይተወው። በውጭ አገር ሰዎች ቤት የምታዩት የበረሃ እንሽላሊት ለዚሁ ተብሎ በሰው እጅ የተፈለፈለ ሊሆን ይችላል። የእኛው ከድንጋዩ ሥር ተጎትቶ የወጣ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

"ታዲያ ኤርፖርት ዳር ሜዳ ላይ ልልቀቀው?" የምትሉም አትሳሳቱ። ቦሌ ላይ የተለቀቀ የቆላ እንሽላሊት በመጀመሪያው ውርጭ ያልቃል። ራሳችሁ ወደ ቆላ ወስዳችሁ የትም መጣልም አይሆንም። በሣጥን ቆይቶ በሽታ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ የማያውቀው ቦታ ላይም ጉድጓድ የለውም። ትክክለኛው መንገድ ለዱር እንስሳት ባለሙያ ማሳወቅ ነው። ሆለታ አጠገብ በቦርን ፍሪ የሚተዳደረው እንስሳ ኮቴ የሚባለው መጠለያም ከሕገ ወጥ ይዞታ የተያዙ አንበሶችን፣ አቦ ሸማኔዎችንና ሌሎች እንስሳትን ተቀብሎ የሚያኖር ነው። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው ይህ መኖሩን አያውቅም።

ልጁ የደወለው ራሱ ነው። እኔ አላስገደድኩትም፤ እናትየው እንዲያውም "ትንሽ ይቆይ" ብለው ነበር። ባለሙያዎች መጥተው ሲረከቡት ሁለት ነገር ሰጣቸው። አንደኛው የማስታወሻ ደብተሩ ነው፤ የበላው፣ ያልበላው፣ ሙቀቱ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም በቀን በቀኑ ተጽፏል። ሁለተኛው አጎቱ በእጁ የሣለው ካርታ ነው፤ ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንዳነሣው የሚያሳይ። ከመሄዳቸው በፊት ሣጥኑን ለመጨረሻ ጊዜ ከፈተው። እንሽላሊቱ ጀበናው ውስጥ ገብቶ በሩን በጅራቱ ዘግቶ ነበር።

"ሽማግሌው እንዳሉት!" አለ ልጁ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ እየሳቀ ነበር።

እህትየው ያን ቀን ፈርታ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። ተመልሶ ይተኛ ይሆን? በማግስቱ አልደወልኩም። በሦስተኛው ቀን ስደውል እናትየው አነሡት። "ቤት የለም" አሉኝ። ስምንት ወር ሙሉ በውሸት ሲያስብሉት የኖሩትን ቃል በእውነት ሲሉት ድምፃቸው ተለየብኝ። ከአጎቱ ጋር ለሁለት ሳምንት መንገድ ወጥቷል።

በሳምንቱ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ነፋስ ይሰማል፤ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ከድሬዳዋ ወዲያ፣ ደወሌ መንገድ ላይ ቆመው ምሳ እየበሉ ነው።

"ቦታውን አየሁት" አለኝ። "ድንጋዩን አጎቴ አሳየኝ። የተቀመጥኩት ግራር ሥር ነው።" ጥቂት ዝም አለ። "ታውቃለህ? እዚህ እኮ ጥላው እንኳ ይሞቃል።"

ወገኖቼ! እንስሳ ለማኖር የምታስቡ፣ ከአምፖሉና ከሣጥኑ በፊት ይህችን የሽማግሌውን ጥያቄ ጠይቁ። ማን ጠራው? መልስ ካላችሁ ቤቱን በደንብ ሥሩለት። መልስ ከሌላችሁ ደግሞ መንገዱን ፈልጉለት።

ቸር ሰንብቱ።